ለመራመድ ትከፍላላችሁ ወይ?

(በቂርያት ማላኪ ለወላጆችና ለወጣቶች በተጠራ ስብሰባ ላይ የጉዞው መድሪኾች ያሰሙት ንግግር)

እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁ ጎረምሶች፣ እናቶች ቆመዋልና ወንበር ልቀቁ እስቲ።

ዛሬ የምንነግራችሁ አምና፣ በኦገስት 2018፣ አሥራ አራት ልጆቻችሁን ይዘን በስሜን ተራሮች ስላደረግነው የስድስት ቀን የእግር ጉዞ ነው። ዘንድሮም ልንደግመው አስበናል። ልጆቻችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ጥሩውንም የሚያስፈራውንም እንድትሰሙ እንፈልጋለን።

አምና በዚሁ አዳራሽ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «እኛ በእግራችን የሄድነው ሌላ መንገድ ስላልነበረን ነው። እናንተ ለመራመድ ትከፍላላችሁ ወይ?» አሉን። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እውነታቸውን ነው። ወደ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን ብለው በሱዳን በኩል ከወጡት ወገኖቻችን ውስጥ ወደ 4,000 የሚሆኑት በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ቀርተዋል። መታሰቢያቸው በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል፤ እናትን፣ ወንድምን፣ የራሱን ልጅ በዚያ መንገድ የቀበረ ሰው ግን እዚህ ከመካከላችን ተቀምጧል። ስለዚህ ጉዞውን «በአባቶች ፈለግ» ብለን እንድንጠራው ሐሳብ ሲቀርብልን አልተቀበልነውም። እኛ ምግብ አብሳይ፣ ጭነት የሚሸከም በቅሎ፣ በኪሳችን ደግሞ የመመለሻ ቲኬት ነበረን። መንገዱም አይገናኝም። የእናንተ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቆላው ወረደ፤ የኛ ወደ ደጋው ወጣ። ቲዩል ቲዩል ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

አንዳንዶቻችሁ «በክረምት ማን ተራራ ይወጣል?» ብላችሁም ነበር። የልጆቹ ትልቁ ዕረፍት እዚህ በጋ ነው፤ እዚያ ግን ክረምት ነው። ሞቃቱን ከፈለግን ትምህርት ቤት ክፍት ነው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ እዚያ ይዘንባል። ምርጫው ይሄ ነበር። የዝናብ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ይዘን ሄድን። ጠዋት በጊዜ እንነሣለን፤ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ከዚያ በፊት ድንኳን መትከል አለብን።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 የተቋቋመ፣ በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ነው። ከፍታውን ለመገመት እንዲህ አስቡት፦ በእኛ በኩል ያለው የሄርሞን ጫፍ 2,224 ሜትር ነው። የመጀመሪያ ሌሊታችንን ያደርንበት ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ገና ሳንጀምር ሄርሞንን በአንድ ኪሎ ሜትር በልጠነዋል ማለት ነው! ከቂርያት ማላኪ ሜዳ ለወጣ ልጅ ደረጃ መውጣት እንኳ ያስተነፍሳል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ደረስን። በፓርኩ ቢሮ ተመዝግበን መሪ፣ ጠመንጃ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ (እዚያ ስካውት ይሉታል)፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ነጂዎች ይዘን ሐሙስ ዕለት መንገድ ጀመርን። ምግብን በተመለከተ፣ ድስቱን ከዚህ ወስደናል፤ ሥጋ አልነካንም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች ነው የበላነው። በሦስተኛው ቀን ሽኒጸል የናፈቀው ልጅ ነበር፤ ስሙን አንናገርም።

ዓርብ ዕለት ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንሄድ የጅንባርን ወንዝ መሻገር ነበረብን። ስንደርስ ላያችን ላይ ጠብታ የለም፤ ወንዙ ግን ደፍርሶ፣ ቅጠልና ጭራሮ እያንከባለለ ይወርዳል። መሪያችን በትሩን ወንዙ ዳር ተክሎ፣ «ላይ ዘንቧል። እንቀመጣለን» አለ። ልጆቹ ተቆጡ። ሰንበት ሊገባ ነው፣ ውኃው ከጉልበት አያልፍም፣ ሁለት ዝላይ ነው፣ በቅሎዋስ ትሻገር የለም ወይ! እኛም መድሪኾች ሰዓት ሰዓት እናያለን። መሪው አልመለሰላቸውም። ከዚያ አንዲት ልጅ «ጻፊት» አለች። ጸጥ አሉ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ውስጥ በናሐል ጻፊት ድንገተኛ ጎርፍ 10 ወጣቶችን ወስዶብናል፤ በዕድሜ ከነሱ ብዙም አይርቁም። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ውኃው በመሪው በትር ላይ እየጎደለ ሲሄድ ልጆቹ ራሳቸው ይለኩ ነበር። ከዚያ በጠባቂው ገመድ አንድ በአንድ ተሻግረን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግጭ ገባን። ከጉዞው ሁሉ ለወላጅ አንድ ነገር ብቻ ንገሩ ብትሉን ይህን ሁለት ሰዓት ነው የምንነግራችሁ።

ሌሊቱን አንዲት ልጃችን ራሷን አመማት፤ አስመለሳት። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ የከፍታ ሕመም ነው። መድኃኒቱ ጉብዝና አይደለም፤ መውረድ ነው። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራልና ንጋት ላይ በበቅሎ ተቀምጣ ከአንዲት መድሪኽ ጋር ወደ ሳንቃበር ወረደች። ከሰዓት በኋላ ምሳ ጠየቀች። እሑድ ጭንቅላቷ ጸድቶ በመኪና መንገድ ጨነቅ ላይ ተቀላቀለችን። እናቷ እዚህ አሉ፤ ስልክ የተገኘው በማግስቱ ስለነበር መጀመሪያ እንዴት እንደተቆጡን እሳቸው ይንገሯችሁ።

የቀረነው ሰንበትን ግጭ ላይ አረፍን። ጅብራው በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። ጭላዳዎቹ ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ሲመሽ ተመልሰው ገደሉ ላይ ያድራሉ። ልጆቹ ከነሱ ጋር ሰዓታት ቆዩ፤ ስልክ የነካ የለም፤ ባትሪ ስላለቀ ነው እንጂ ጻድቅ ስለሆኑ አይደለም። እዚያው የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ፓርኩን ለመጠበቅ ሲባል በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወር ተደርጓል። ከበቅሎ ነጂዎቹ አንዱ የነበረበትን ቤት ቦታ አሳየን፤ ሣር ወርሶታል። ልጆቹ ብዙ ጠየቁት፤ ቤት ጥሎ መሄድ ምን እንደሆነ ከቤታቸው ያውቃሉና።

አሁን ስለ ቋንቋው። ስካውቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። አንዱ ልጃችን «አንተ፣ ውኃ አለህ?» ሲላቸው እኛ መሬት ብትውጠን ወደድን። እሳቸው ሳቁና «አንቱ በለኝ፤ አባትህ አላስተማረህም?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ጉዞው ሁሉ አንቱ ሆነ፤ በቅሎዋን ሳይቀር አንቱ የሚል አልጠፋም። በሌላ ቀን ይህንኑ ልጅ «አገርህ የት ነው?» አሉት። «ቂርያት ማላኪ» አለ። «የአባትህን አገር ነው የጠየቅሁህ» አሉት። ልጁ አላወቀም። ጎንደር ከማለት ሌላ የሚያውቅ ከአሥራ አራቱ ሦስት ብቻ ነበሩ።

ማክሰኞ ከጨነቅ ወደ ደባርቅ ስንመለስ ስልክ ሠራ። ልጁ አባቱን ደውሎ ጠየቀ። አባቱ ፈቅደውልናልና እንናገራለን፦ ጃናሞራ አሉት። ልጁ በዋዜማው ከቧሂት ላይ መሪው በእጁ እያመለከተ ያሳየው አገር ነው፤ ፎቶ አንሥቶታል። ፎቶውን ላከላቸው። አባቱ ቆይተው ሲመልሱ፣ «እኛ ስንወጣ ሌሊት ሌሊት ነበር የምንሄደው። ከሩቅ እንዲህ እንደሚያምር አላየሁትም» አሉት። ከዚያ ስለ መንገዱ ነገሩት። እዚያ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት አዳመጠ፤ ሾፌሩም ጠበቀው። አባቱ ኋላ ለእኛ ሲነግሩን «ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም አልነገርኩትም» አሉ። ይህን ለማግኘት ተራራ መውጣት ያስፈልጋል አንልም። ቤት ቁጭ ብሎም ይሆናል።

ወደ ዘንድሮው እንምጣ። በማርችና በኤፕሪል ፓርኩ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ጓሳውና አስታው ነድዷል፤ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ሄደው አግዘዋል። ስለዚህ መንገዱ እንደ አምናው ላይሆን ይችላል። ያገሩንም ሁኔታ እየተከታተልን ነው፤ የመንግሥት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ከተባባሰ ተራሮቹ የትም አይሄዱም፣ ጉዞውን እንሰርዛለን፣ ገንዘባችሁንም እንመልሳለን።

ልጁ የሚሄድ ወላጅ ከቤተሰብ ሐኪም የጤና ወረቀት ያምጣ፤ አስም፣ የልብ ችግር ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ካለ አትደብቁን። ከተራራ ማውረድን የሚጨምር ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፤ እዚያ ሄሊኮፕተር ወዲያው ይደርሳል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ጫማ አዲስ አትግዙላቸው፤ ከገዛችሁም ዛሬውኑ ማልበስ ይጀምሩ፣ አምና አራት ልጆች በአዲስ ጫማ ተረከዛቸው ተላጠ። መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ለብቻው ያነጋግረን፤ በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ እንዲኖር አንፈልግም።

ከመሄዳችን በፊት ሦስት የልምምድ ጉዞዎች አሉን። የመጀመሪያው በይሁዳ ተራሮች፣ ሳታፍ ላይ ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ ለመጨረስ ከማትናሱ በር በ4:30 ንጋት እንነሣለን። ሁለቱን ልምምድ ያልተራመደ ልጅ ስሜን አይሄድም፤ እባካችሁ አታማልዱ። ወላጆችም ከኛ ጋር መራመድ ትችላላችሁ፤ ለእናንተ አናስከፍልም። አምና የጠየቁን እናት ስማቸውን አስመዝግበዋል።

የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ የምትፈሩ፣ አሁን ጠይቁን፤ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን።