የሕዝብ ቤት ሒሳብ ለሕዝብ ይቅረብ
(የፓርቲው ጸሐፊ በአንበሳሜ ከተማ ለነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር)



ስለ ቤት ችግር እናንተን ማስተማር አይቃጣኝም። ከደመወዙ ሰፊውን ለአንዲት ክፍል ኪራይ የሚከፍለው መምህር ያውቀዋል። በሚያፈስ ጣራ ሥር ባልዲ ደቅነው የሚከርሙት እናት ያውቁታል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሕዝብ ገንዘብና መሬት ቤት እናቀርባለን ከሚሉት መካከል ማን የተሻለ ሠራ? በስንት ብርስ?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ለተባለው ድርጅት ደረሱ።

እኔ ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ትንሽ ነበር፤ ዕድሳት ግን አልነበረም። አባቴ ማመልከቻ ይዞ ሲመላለስ «በጀት የለም» ተባለ። በራሱ ገንዘብ ቆርቆሮ ገዝቶ ሲጠግን ደግሞ «ያለ ፈቃድ ነካህ» ተብሎ ተቀጣ። ስለዚህ የኪራይ ማነስ ብቻውን የመልካም አስተዳደር ማስረጃ አይሆንም።

ኮንዶሚኒየም ብዙ ወገኖቻችንን የቤት ባለቤት አድርጓል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በ20/80 ፕሮግራም 20 በመቶውን መቆጠብ፣ የቀረውን የባንክ ዕዳ በየወሩ መክፈል ያልቻለ ድሃ ዕጣ ቢደርሰውም ቤቱን አከራይቶ ይወጣል። በአዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበ ሰው በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተመዝግቦ ጠበቀ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ ለሚበልጡ ቤቶች የወጣው ዕጣ፣ ያልቆጠቡ ሰዎች በዝርዝሩ መግባታቸው ስለተደረሰበት ተሰረዘ። ከወራት በኋላ ዳግም ወጣ። ዝርዝሩ አስቀድሞ ለሕዝብ ቢለጠፍና ቢመረመር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ።

የቤት ሥራ ማኅበራትስ? አባላቱ በራሳቸው ገንዘብ ስለሚሠሩ ሲሚንቶውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ። ሆኖም መሬት እስኪሰጣቸው የቆጠቡት ብር በዋጋ ንረት ይቀልጣል። የቀን ሠራተኛውና ጧሪ የሌላቸው አረጋዊ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይደርሱበትም።

እንግዲህ ሁሉም በጎ ጎን አለው፤ ሁሉም ጉድለት አለው። የጎደለው አንድ ሚዛን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 90 አቅም በፈቀደ መጠን መኖሪያ ቤትን ከፖሊሲ ዓላማዎች መካከል ያስቀምጣል። ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

1ኛ. እያንዳንዱ ቤት አቅራቢ የአንድ ቤት ወጪ፣ የተጠባባቂው የቆይታ ጊዜ፣ የታደሱ ቤቶች ብዛትና የነዋሪው አቤቱታ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ቅጽ ተመዝግቦ በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፋል።

2ኛ. ከቀበሌ ቤት የሚሰበሰብ ኪራይ ለእነዚያው ቤቶች ዕድሳት ይውላል። በራሱ ወጪ የጠገነ ተከራይ ከኪራዩ ይታሰብለታል።

3ኛ. የቤትና የማኅበር ቦታ ተረኞች ዝርዝር ከዕጣ በፊት በገለልተኛ ኦዲተር ይመረመራል።

4ኛ. ንጽጽሩ ኪራይ መጨመሪያ ወይም ድሃ ማፈናቀያ ሰበብ አይሆንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።

ወገኖቼ፣ ቁጥር ጣራ አይከድንም። ነገር ግን ለጣራው የተመደበው ብር የት እንደገባ ይናገራል። ሒሳቡን የመጠየቅ መብት የእናንተ ነው። በምርጫው ቀን ድምፅ ልትሰጡን ብትወስኑ፣ ከዓመት በኋላ እኛንም በዚሁ ሚዛን መዝኑን።