ፓላዲዮን፤ ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል?



ዛሬ በፊታችሁ ላነሣው የወደድሁት ጉዳይ በጥንታውያን ግሪኮችና ሮማውያን ዘንድ የከተማ ዋስ ነው ተብሎ ይታመን የነበረው የፓላዲዮን ነገር ነው።

ፓላዲዮን ፓላስ አቴና የተባለችው እንስት አምላክ ምስል ነበር። በአፖሎዶሮስ ስም የሚጠራው የአፈ ታሪክ መድበል እንደሚተርከው፣ ምስሉ ከሰማይ ወርዶ በትሮያ ቆርቋሪ በኢሎስ ድንኳን ፊት ተገኘ። ቁመቱ 3 ክንድ፣ በቀኝ እጁ ጦር፣ በግራው የፈትል መሣሪያ የያዘ ነበር። ምስሉ በውስጧ እስካለ ድረስ ትሮያ አትደፈርም ስለ ተባለ፣ ኦዲሴዎስና ዲዮሜዴስ ሰርቀው ወሰዱት፤ ከተማዪቱም ወደቀች ይላል ትረካው።

ከዚህ በኋላ የአርጎስ ሰዎች እውነተኛው ፓላዲዮን በእኛ ዘንድ ነው አሉ። ሮማውያን በበኩላቸው ኤኔያስ ወደ ኢጣልያ አምጥቶታል ብለው በቬስታ መቅደስ ውስጥ ከሰው ዓይን ሰወሩት። 6 ደናግልም፣ እያንዳንዳቸው 30 ዓመት እያገለገሉ፣ ከማይጠፋው እሳት ጋር ይጠብቁት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ241 ዓመት መቅደሱ ሲቃጠል፣ ሊቀ ካህናቱ ሉክዮስ ሜቴሉስ ነበልባሉን ጥሶ ገብቶ ንዋያተ ቅድሳቱን አወጣ፤ ዓይኑም በዚያው ጠፋ ብለው የኋላ ጸሓፊዎች ተርከዋል። በ191 ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እሳት ዳግመኛ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ደናግሉ ምስሉን ተሸክመው በአደባባይ ሲሸሹ፣ ተሰውሮ የኖረውን ሕዝቡ በዓይኑ አየው። ታዲያ ከተማን ያድናል የተባለው ምስል ራሱን ከእሳት ካላዳነ፣ ጠባቂው ማን ነው? ሮማ በ410 ከተዘረፈች በኋላ አውግስጢኖስ ይህንኑ አንሥቶ፣ ሰዎች ምስሉን ጠበቁት እንጂ ምስሉ ሰዎችን አልጠበቀም ሲል ሞግቷል።

ሙግቱ ብርቱ ነው። እኔ ግን ከዚያው ላይ ሌላ ትምህርት አገኛለሁ። እንጨቱ ኃይል አልነበረው ይሆናል፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚተጋ ዘበኛ፣ በእሳት መካከል የሚሮጥ ሰው፣ አደራውን ለተተኪው የሚያስረክብ ትውልድ አስገኝቷል። ከተማ የሚጸናው በዚህ ነው። ዋሱን ሸሽጎ በእርሱ ተማምኖ የሚተኛ ሕዝብ ግን፣ ሌባ ሳይመጣበትም ዋሱን አጥቷል።

እኛም በየሙያችን የተረከብነው አደራ አለ። አደራው ይጠብቀናል ብለን ከመዘናጋት ይልቅ፣ እኛ እንጠብቀው እላለሁ።