የተማሪው ሌሊት፦ ስለ አነቃቂ መድኃኒትና ስለ እንቅልፍ

(ለማኅበሩ አባላት በእንጦጦ የቀረበ ንግግር)



ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ በሽሮ ሜዳና በቁስቋም አካባቢ፣ ሸማ በመሥራት ወይም ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። በእንዲህ ያለው ጠባብ ቤት የሚያድግ ተማሪ ጸጥታ የሚያገኘው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው። ከዚህ የተነሣ ሌሊቱ የጥናት ጊዜ ይሆናል። እንግዲህ ይኸው ተማሪ የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር፣ በምሕፃሩ ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ ኖሮበት ሐኪም አነቃቂ መድኃኒት ያዘዘለት እንደሆነ፣ መድኃኒቱንና እንቅልፉን እንዴት ያስታርቃቸዋል?

አነቃቂ መድኃኒት ለዚህ ችግር ማገልገል የጀመረው በቅርቡ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ብራድሌይ ቤንዜድሪን የተሰጣቸው ሕፃናት በትምህርታቸው መሻሻላቸውን እ.ኤ.አ. በ1937 ገልጿል። በ1944 ደግሞ ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ የሲባ ኩባንያ ኬሚስት ሜቲልፌኒዴትን ሠራ፤ ሪታሊን የሚለው የንግድ ስም የተወሰደውም ከባለቤቱ ስም ነው። መድኃኒቱ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት የአንጎል መልእክተኞች ቶሎ ተመልሰው እንዳይመጠጡ በማገድ ሐሳብ እንዲሰበሰብ ይረዳል። ነገር ግን ቀን ሐሳብን የሚሰበስበው ያው ኃይል፣ ሌሊት ከሰውነት ሳይወጣ ከቀረ እንቅልፍን ያባርራል።

ስለሆነም ዋናው ጉዳይ ሰዓት ነው። የአጭር ጊዜው ሜቲልፌኒዴት የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት እንደ አሠራሩ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ባለ 12 ሰዓቱን ከጠዋቱ 1 ሰዓት የወሰደ ተማሪ ሲመሽ ነፃ ይሆናል፤ አርፍዶ በ4 ሰዓት የወሰደው ግን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በመድኃኒቱ ሥር ነው። በፈተና ሰሞን ለሌሊት ጥናት ብሎ ሐኪም ያላዘዘውን ተጨማሪ ኪኒን የሚውጥ ተማሪ፣ የነገውን ንቃት ለዛሬ ተበደረ ማለት ነው። የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር በመሆኑ፣ ብድሩ የሚከፈለው ከዚያው ከትምህርቱ ላይ ነው።

ሆኖም የእንቅልፍ እጦት ሁሉ በመድኃኒቱ አይመካኝም። ይህ ችግር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ መድኃኒት ሳይጀምሩም እንቅልፋቸው ይዘገያል። አንዳንዱም መድኃኒቱ ሲያልቅበት ቅብጥብጥነቱ በርትቶ ይመለስበታል። በመሆኑም ተማሪው ለሁለት ሳምንት ያህል መድኃኒቱን የወሰደበትን፣ የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት በደብተር ጽፎ ለሐኪሙ ቢያሳይ ምክንያቱን ለመለየት ይረዳል። መጠኑንም ሆነ ሰዓቱን መለወጥ የሐኪሙ ፋንታ እንጂ የተማሪው ወይም የመምህሩ አይደለም።

በአገራችን ከዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ጣጣ አለ። ሐኪም ዘንድ ያልደረሰ ተማሪ ትኩረትን በጫት ሲፈልግ ይታያል። በለጋው የጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲል ጨብሲ ይከተላል፤ መጠጡም ቶሎ ቢያስተኛ እንኳ የእንቅልፉን ሥርዓት ያናጋል። ጫትን ከታዘዘ አነቃቂ መድኃኒት ጋር ማዋሐድ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይበልጥ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል አደገኛ ነው። ቡናም ቢሆን ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ቢገላበጥ የሚያስገርም አይሆንም።

በአንጻሩ ተፈጥሮ ለዚህ አገር የሰጠችው አንድ ረዳት አለ። በአዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት የሚለያየው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች። የጠዋት ብርሃን ደግሞ የሰውነትን ውስጣዊ ሰዓት ወደ ፊት በመሳብ የዘገየውን እንቅልፍ ያስተካክላል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መነሣትና በእግር ወደ ትምህርት ቤት መውረድ ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው። ማታ ስልክን አርቆ ማስቀመጥም እንዲሁ።

መምህሩ በክፍል የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ከማለቱ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈው ይጠይቀው። ወላጅም መድኃኒቱ እንቅልፍ ነሣው ብሎ በድንገት ከማስጣሉ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ ሰዓቱን በማስተካከል ብቻ ሊቃና በሚችል ነገር የልጁ ትምህርት መቋረጥ የለበትም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ተማሪ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ቤቱ ጠባብ ከሆነ፣ ከትምህርት በኋላ ገና ብርሃን ሳለ የሚያጠናበት ክፍል ክፍት እንዲሆንለት ማድረግ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ነው፤ ያን ጊዜ ሌሊቱ ለእንቅልፍ ይቀርለታል።