ስስ ግድግዳ፣ ስስ ልብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ «ስስ» የምትባለውን ቃል ዕለት ዕለት እንናገራታለን። ነጠላ ስስ ነው፤ እንዳይቀደድ በጥንቃቄ እናጥበዋለን። ሕፃን ያሳሳል፤ ክፉ እንዳይነካው እንሳሳለታለን። በድምፅ የምትቀርባት «ስስት» ግን ለገዛ ራስ ብቻ መሳሳት ናት።

በጎፋ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምትኖሩ እንደምታውቁት የጎረቤት ድምፅ በግድግዳው ያልፋል። እኛም አንድ ሌሊት የሕፃን ልቅሶ እንቅልፍ ቢነሣን አጉረመረምን። በማግሥቱ ግን እናቲቱ የታመመ ልጅዋን ብቻዋን ስታስታምም ማደርዋን ሰምተን አፈርን። ግድግዳው ስስ ሳለ ልባችን ደንድኖ ተገኘ።

አባታችን ያዕቆብ እንዲህ አልነበረም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 33 እንደ ተጻፈ፣ ልጆቹ ለጋዎች፣ ከብቶቹም የሚያጠቡ ስለ ኾኑ ወንድሙን ዔሳውን አስቀድሞ፣ እርሱ በልጆቹ እርምጃ ልክ በዝግታ ተጓዘ። መንገዱን በራሱ ጉልበት ሳይኾን በደካሞቹ እግር ለካው።

እንግዲህ ወገኖቼ፤ ለእንቅልፋችን የምንሳሳውን ያህል ለጎረቤታችን እንሳሳ። ዛሬ ሌሊት ከግድግዳው ማዶ ልቅሶ ብንሰማ፣ ከማጉረምረማችን በፊት ተነሥተን በሩን እናንኳኳ። ልበ ስስነቱን አምላካችን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።