ባሕር ስትገባ ሻንጣህን ማን ይጠብቃል?

(የማኅበራችን ጸሐፊ በወሩ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት፣ «ልጄ ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ሞምባሳ እሄዳለሁ ይላል። ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ክፍል ያድራል አሉ፤ ምን ይሻላል?» ብለው ጠይቀው ነበር። መንገዱን ስለማውቀው ተናገር ተባልኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያየሁትን ግን እነግራችኋለሁ።

ጉዞው በሐዋሳና በዲላ አድርጎ ሞያሌ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ናይሮቢ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም። ከናይሮቢ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እዚያ በርካሽ ማደሪያ የሚከፈለው ለአልጋ ነው እንጂ ለክፍል አይደለም። በአንድ ክፍል ስድስትም ስምንትም ሰው በተደራራቢ አልጋ ያድራል። ወላጅን የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ታዲያ ሰው እዚያ እንዴት ይወዳጃል? በወሬ እንዳይመስላችሁ። ባሕር ልትገባ ነው፤ ልብስህና ሻንጣህ አሸዋው ላይ ነው፤ ማን ይጠብቅልህ? እኔ ባረፍኩበት ክፍል አንድ ኡጋንዳዊ አስተማሪና አንዲት ጀርመናዊት ነበሩ። መግባቢያችን ስብርብር ያለ እንግሊዝኛ ነበር። ሁለቱ ሲዋኙ አንዱ ይቀመጣል፤ ልክ እንደ ሰፈራችን ሮንድ ተራ ገባን። በመጀመሪያው ቀን ጫማዬንና ፎጣዬን ብቻ ነው የተውኩት። ሳይነካ አገኘሁት። በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ተውኩ። ፓስፖርቴ ግን ሁልጊዜም ማደሪያው ተቆልፎ ነበር።

ጠባቂው የሚጠብቀው ዕቃ ብቻ አይደለም። የሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ ሰው በእግሩ ርቆ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከኋላው ይሞላበታል። እኛ ሐይቅ እንጂ ይህን ጠባይ አናውቅም። ዳር የተቀመጠው ቀድሞ አይቶ ይጣራል። ብቻውን የሄደ ማን ይጣራለት?

ከዚያ በኋላ ሌላው ቀላል ነው። የባጃጁን ሒሳብ ሦስት ቦታ ተካፍለን፣ ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሠሩትን የፎርት ጂሰስ ምሽግ አየን። በሊኮኒ ጀልባም ተሻገርን፤ ለእግረኛ በነፃ ነው። ግፊያው አይጣል ነው፣ ኪሳችሁን!

በባሕሩ ዳር «ራፊኪ! ራፊኪ!» እያለ የሚከተል ሻጭ ሞልቷል። በስዋሂሊ ወዳጅ ማለት ነው። አብዛኛው እንጀራውን የሚፈልግ ነውና አልቀየመውም። እኔ የምፈራው በራሳችን ቋንቋ «ወንድሜ፣ የአገሬ ልጅ» ብሎ መንገድ ላይ የሚጠጋውን ነው። ሻይ ይጋብዛል፤ ቀጥሎ «ፓስፖርትህን ስጠኝ፣ ደቡብ አፍሪካ አሻግርሃለሁ» ይላል። ምን ያህል ቤት በዚህ ወሬ እንዳዘነ እናንተም ታውቃላችሁ። ተደራራቢው አልጋ ላይ የተኛው ፈረንጅ ከዚህ ሰው አይብስም፤ ቢያንስ ሦስት ቀን አብሮህ ውሎ ጠባዩን ታያለህ።

እንግዲህ ለጠየቁን እናት፣ እኔ ይሂድ ባይ ነኝ። የማደሪያውን ስምና ስልክ ይተውልዎት፤ የፓስፖርቱ ፎቶኮፒ እቤት ይቀመጥ፤ የመመለሻው ገንዘብ ከሌላው ተለይቶ ይያዝ። የአውቶቡሱን ነገር በዝርዝር መስማት የሚፈልግ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ጽሕፈት ቤት ያገኘኛል።