አውራ ጣት ማለት ምን ማለት ነው?



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ የሆነ ነገር ንገሪን፣ ስለ ደም ግፊት ብቻ እንዳይሆን» ብለው ለመኑኝ። ስለዚህ ስለ ኢሞጂ ልናገር ነው። አትሳቁ፤ አንዱ ኢሞጂ እናት ሊያሳጣን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ የሌሊት ዲውቲ ላይ ነኝ። ከወለደች ሰዓት ያልሞላት ሴት ደሟ አልቆም አለ። ማሕፀኗን አሸን፣ ኦክሲቶሲን ሰጠን፣ ወይ ፍንክች። ደም ደግሞ ከደም ባንክ መምጣት አለበት። የእኔ እጅ ስለተያዘ ኢንተርኗ የዲውቲው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈች፦ «ኦ ፖዘቲቭ ሁለት ከረጢት በአስቸኳይ፤ ማን ይሄዳል?» ወዲያው አንድ ባልደረባችን አውራ ጣት ላከ። እፎይ አልን። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ሠላሳ። ስደውልለት «የት ነው የምሄደው?» አለኝ። ለካ ሌላ ዋርድ ታካሚ ይዞ ነበር፤ ጣቱ «አይቻለሁ» ማለት ነው። እኛ «እሄዳለሁ» ብለን አነበብነው። የባሰው ደግሞ ሌሎቹም ጣቱን አይተው «ሰው ሄዷል» ብለው ዝም አሉ። ሴትየዋ ተርፋለች፣ ልጇም ኬጂ ገብቷል። በሰዓቱ ተቆጥቼው ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን እኔም በቀን አሥር ጊዜ እንደዚያው አደርጋለሁ።

ይሄው ጣት እ.ኤ.አ. በ2023 ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቧል። እህል ገዢው የተልባ ውል በስልክ ላከ፣ ገበሬው አውራ ጣት መለሰ፣ ተልባው ሳይመጣ ቀረ። ገበሬው «ውሉ ደርሶኛል ማለቴ ነው» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን ሁለቱ ሰዎች ቀድሞም በአጭር «እሺ» ሲዋዋሉ እንደኖሩ አይተው ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱ።

የተጋጠሙት ሁለት እጆችስ? ኢሞጂ የሚለው ቃል የመጣው ከጃፓንኛ ነው፣ ሥዕልና ፊደል ማለት ነው፤ እነሱ ዘንድ እጆቹ ልመናም ምስጋናም ናቸው። እኛ ጋ ጸሎትም ይጨመርበታል። ዱባይ የምትሠራ ልጅ የእናቷን ውጤት ብትጠይቀኝ «ነገ እደውልልሻለሁ» ብዬ እጆቹን አከልኩበት። «እባክሽ ታገሺኝ» ማለቴ ነበር። እሷ መርዶ መስሏት ስታለቅስ አደረች። እናትየዋ የነበረባቸው የሐሞት ጠጠር ነው!

አትጠቀሙ እያልኩ ግን አይደለም። ፊደል ያልቆጠሩ የልብ ድካም ታካሚ እናት አሉኝ። የልጅ ልጃቸው አሳይቷቸው በየጠዋቱ አንድ ፊት ይልኩልኛል። ፈገግታ ከሆነ እግራቸው አላበጠም፣ ሌሊቱንም ተኝተው አድረዋል። ያዘነ ፊት ከሆነ እደውላለሁ። ይሄ የሚሠራልን ቁጭ ብለን ቀድመን ስለተስማማን ነው። አንድ ቀን ያንን ከነደም ሥሩ የተሣለውን ልብ ብልክላቸው «ዶክተርዬ፣ ይሄ ደግሞ የምን ሥጋ ነው?» ብለው በድምፅ መለሱልኝ።

አሁን የዲውቲ ግሩፓችን ላይ የሚሄድ ሰው «እሄዳለሁ» ብሎ በፊደል ከነስሙ ይጽፋል። ወጣቶቹ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ።

በነገራችን ላይ ለዛሬው ጥሪ የባቻችን ግሩፕ ላይ 43 አውራ ጣት ቆጥሬ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስቆጥር 19 ነን። ምሳው የታዘዘው በጣቱ ልክ ስለሆነ፣ እባካችሁ ደጋግማችሁ አንሡ።