ዶሮዎችን ከደጋ ውርጭ ስለ መጠበቅ



ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የደጋው ሌሊት ይበርዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኘው በደብረ ብርሃንና በአካባቢው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሣሩ ማለዳ አመዳይ ለብሶ የሚታይበት ቀን ብዙ ነው። በዚህ ወራት ባለ ዶሮዎች እንቁላል አነሰብን እያሉ ያማርራሉ። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ነውና፣ ይህን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ለመጠበቅ ስትል ከበላችው እህል ብዙውን ታቃጥለዋለች፤ ለእንቁላል የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል።

ቤቷን ለማሞቅ ገንዘብ ማውጣት የግድ አይደለም። አሮጌ ጆንያ፣ የሣጥን ጣውላ፣ ካርቶን፣ የጤፍ ጭድ፣ ጋዜጣም ቢሆን አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ሁሉም ያገለግላል። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጆንያ ግን ከዶሮ ቤት አታድርሱት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከግድግዳው በስተ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ትታችሁ በጣውላው ሁለተኛ ግድግዳ አቁሙ፤ በመካከሉም ደረቅ ጭድ ጠቅጥቁ። ሙቀቱን የሚይዘው በጭዱ መካከል ታግዶ የሚቀመጠው አየር ነው፤ ስለዚህ ጭዱ የረጠበ እንደ ሆነ ጥቅሙ ይጠፋል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከበታቹ ጭድ የተሞላ ጆንያ አጋድሙ። የቆጡ እንጨት ጠፍጣፋ ይሁን፤ ዶሮዋ ስትቀመጥ ጣቶቿን በደረቷ ላባ ትሸፍናቸዋለችና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ብርድን ከመፍራት የተነሣ አንዲት ቀዳዳ ሳላስቀር በጆንያ ደፈንሁ። ታኅሣሥ ሳይወጣ ዶሮዎቹ ማንኮራፋት ጀመሩ፤ አራቱም ሞቱብኝ። አንዲት ጎረቤታችን ባልቴት ገብተው አዩና፣ «ልጄ፣ ዶሮ ብርድ ቢጠናባት ተጠጋግታ ትሞቃለች፤ ትንፋሽ ሲያጥራት ግን ወዴት ትሂድ?» አሉኝ። የእርሳቸው ዶሮዎች ያደሩት ጭስ በሚወጣበት አሮጌ ጎጆ ውስጥ ነበር፤ አንዲቱም አላነጠሰችም።

ነገሩ ግልጽ ነው። ዶሮ ሌሊቱን ሁሉ እርጥብ ትንፋሽ ታወጣለች፤ ከኩሷም ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይነሣል። መውጫ ያጣ እንደ ሆነ ሳንባዋን ይጎዳል። ስለዚህ ከታች ነፋስ የሚገባበትን ሁሉ ድፈኑ፤ ከላይ ግን ከጣሪያው ሥር፣ በቆጡ ላይ ከተቀመጡት ዶሮዎች ራስ በላይ፣ ነፋስ በማይመታው ወገን ቀዳዳ ተዉ። ሸለምጥማጥ እንዳይገባም በሽቦ ወንፊት ሸፍኑት። ከሰል አንድዶ በዶሮ ቤት ማሳደር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ጭሱ የማይታየው አየር ይገድላቸዋል፤ ጉዝጓዙም እሳት ይይዛል።

ሥራችሁን ለመመርመር ማለዳ በሩን ከፍታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ራሳችሁን ብቻ አስገቡ። ሽታው ዓይናችሁን ካቃጠለው፣ ወይም በጣሪያው ላይ የውኃ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ በዚያው ቀን ቀዳዳውን አስፉት።